የእማማ ክፍል መስኮት

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ጥቅምት ገና ሳይጋመስ የእማማ መስኮት ውሃ ማውረድ ጀመረ። ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ሦስት ፎጣ ጨመቅኩ። ቁም ሣጥኑን ሳንቀሳቅሰው ከኋላው ያለው ግድግዳ ጠቁሯል። ባለፈው የብርድ ወቅት በበረኪና ፈትጌ ያስለቀቅኩት ሻጋታ ነው፣ ቦታውን ሳይስት የተመለሰው።

ኢንሱ ጫማውን እያሰረ "ፀደይ ሲገባ እናየዋለን" አለ። ባለቤቴ ይህን ሲለኝ ስድስት ዓመቱ ነው። ፀደይ ሲገባ ደግሞ ስለ መስኮት የሚያስብ ሰው የለም።

ከግቢው ሆኜ ሕንፃችንን ቀና ብዬ አየሁት። የቀየሩት ሁሉ ነጭ ፍሬም አላቸው። ያልቀየርነው የሕንፃው ዕድሜ ያለውን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላውን ቡናማ አሉሚኒየም ይዘናል። ቆጠርኩ። አራት ቤት ቀርተናል። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ደግሞ እኛ ብቻ።

እማማ፣ የባለቤቴ እናት፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። የኢንሱ አባት ከሞቱ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት አብረውን ኖረዋል። የያዙት ክፍል ወደ ሰሜን፣ ወደ ወንዙ የሚያይ ነው። አንድ ቀን በረደኝ ብለው አያውቁም። ይሄም ያናድደኛል። የማይናገር ሰው ሲበርደው ጥፋቱ የሌላ ሰው ይሆናል።

ዘንድሮ ይቀየራል። ጽፌዋለሁ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት እንደወጣሁ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተትኩ ኑሪሳን የሚባለው የመስኮት ዓይነት ወደሚሸጥበት ትልቅ ሱቅ ሄድኩ። መስኮቶቹ እንደ ሙሽራ ተደርድረዋል። ክራባት ያሰረ ልጅ ጎንበስ ብሎ ተቀበለኝና የመጀመሪያ ጥያቄው "ባለቤትዎ መቼ ይመጣሉ?" ሆነ።

"ለምን?"

"ቴክኒካል ነገር ስላለው፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት ባስረዳ ብዬ ነው።"

"ባለቤቴ አውቶቡስ ነው የሚነዳው" አልኩት። "እኔ በቀን ለስድስት መቶ ልጅ እቀቅላለሁ። ከሁለታችን ስለ እንፋሎት ማን የሚያውቅ ይመስልሃል?"

ጆሮው ቀላ። ከዚያ በኋላ ግን በደንብ አስረዳኝ፣ አልክድም። ኑሪሳን ፋብሪካው የራሱን ሠራተኛ ልኮ ይገጥማል። ፍሬሙም መስታወቱም የራሱ ነው። ችግር ቢመጣ አንድ ሰው ነው የምትጠይቀው። ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል። ሃኑልጋ የሚባለው ፍሬሙ ያው ጥሩ ነው፣ ግን የሚገጥመው ወኪሉ ነው፤ መስታወቱንም ወኪሉ ከፈለገበት ያመጣል። ቶሮም ርካሽ ነው። ስለ ቶሮም ከዚህ በላይ ሊነግረኝ አልፈለገም።

ሁሉንም ጻፍኩ። እየጻፍኩ ሳለሁ ሌላዋ ሻጭ ለጓደኛዋ "ይቺ ፈተና አለባት መሰለኝ" ስትል ሰማኋት። አለብኝ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ቶሮም የሚሸጠው ከገበያው ጀርባ፣ ከዓሣ ሻጮቹ ቀጥሎ ያለ ጠባብ ሱቅ ነው። ባለቤቱ አቶ ማ ይባላሉ። የግራ እጃቸው ሌባ ጣት ጫፉ የለም። ቶሮምን እንዲያሞግሱልኝ ስጠብቅ "ለሰሜን ክፍል ከሆነ ይሄን አልሸጥልሽም" አሉኝ።

"ታዲያ ምን ልግዛ?"

"ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ የፍሬሙን ስም ነው። ሙቀት የሚይዘው መስታወቱ ነው። ከዚያ ደግሞ የገጣሚው እጅ።" ከኪሳቸው ላይተር አውጥተው ለማሳያ የቆመ መስኮት ፊት ለኮሱት። "ስንት እሳት ታያለሽ?"

አራት ነበር። ድርብ መስታወት ስለሆነ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ አንድ።

"ቀለማቸውስ?"

ሦስቱ ቢጫ ናቸው። አንዷ ቀላ ያለች ሐምራዊ።

"የተለየችው ሙቀት ወደ ቤት የሚመልሰው ቅብ ነች። አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ተራ መስታወት ነው፤ ምንም ስም ቢለጥፉበት።"

ምንም ሳልገዛ ወጣሁ። አልተቆጡም።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

በራት ሰዓት ኢንሱ ሩዙን እያላመጠ ነገሩን አበቃው። "ለዱሺክ ነግሬዋለሁ። እሱ ይገጥመዋል።"

ዱሺክ ታናሽ ወንድሙ ነው፣ የሃኑልጋ ወኪል።

"ገና እያወዳደርኩ ነው" አልኩ።

"ምኑን ነው የምታወዳድሪው? ወንድሜ እያለ ከባዕድ ልንገዛ ነው?"

"ሃኑልጋ መጥፎ ነው አላልኩም። መስታወቱን ከየት እንደሚያመጣ ልጠይቀው።"

"ሥራ ቀዝቅዞበታል። በዚህ ሰዓት እንዲህ ብለሽ ስትጠይቂው ምን ይሰማዋል?"

እማማ ሾርባቸውን እያዩ ይበላሉ። እኔም ሾርባዬን ጨለፍኩ። ለምን አልመለስኩለትም? አንድ ሳምንት ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ተንከራትቼ፣ ደብተር ሞልቼ፣ አንድ ሰው "ወንድሜ" ሲል አፌ ተዘጋ።

ጥቅምት 18

ወጥ ቤት። ድንች እየላጥን። አብራኝ የምትሠራው ቹንቢ ከኋላዬ፦ "ዮንግሪም እኮ የመስኮት ሚኒስትር ሆና ተሹማለች፤ ባሏ ግን አላጸደቀላትም።" ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የሳቅኩበት ነው ያቃጠለኝ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ዱሺክ ሜትር ይዞ መጣ። እንደገባ ቤቱ ሞቅ ይላል፣ ይሄ ጸጋ አለው። እናቱን አቅፎ ጉንጫቸውን ነካ ነካ አደረገ፣ እኔን "እትዬ፣ ዘንድሮ ደግሞ ወጣትነቱ ብሶብዎታል" አለኝ።

"ዱሺክ፣ መስታወቱ ቅብ ያለው ነው?"

"እንዴታ፣ አለው።"

"በሁሉም ክፍል?"

"እትዬ፣ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኢንጂነር ማስመረቅ ጀመረ እንዴ?" አለና ሳቀ። ኢንሱም ሳቀ።

"ይሁን። በወረቀት ጻፍልኝ፤ የየትኛው ክፍል መስታወት ምን ዓይነት እንደሆነ።"

ሳቁ ቆመ። ዱሺክ ወንድሙን አየ። ኢንሱ "በቤተሰብ መካከል ወረቀት?" አለ። እንዲህ ሲል ድምፁ ዝቅ ይላል። እንግዳ ፊት ሆኜ ልብሴን ያወለቅኩ ያህል አፈርኩ። ብዕሩን ወደ መሳቢያ መለስኩት።

ሊያስጽፈው የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ህዳር 3፣ ረቡዕ

ዛሬ ተገጠመ። ለትምህርት ቤቱ ድግስ ስለተጠራሁ ቆሜ ለማየት አልቻልኩም። አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ አልቋል፤ ወለሉ እንኳን ተጠርጓል።

ያምራል። ውሸት ምን ያደርጋል። ሳሎኑ ሰፋ። የአስፋልቱ ጩኸት ጠፋ። እማማ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ቆመው አገኘኋቸው። "ጥሩ ነው" አሉ።

እኔ ነኝ ሰው የማላምነው። አቶ ማ ጭንቅላቴን አዙረውት ይሆናል።

ህዳር 14፣ እሑድ

ለብርዱ ወራት የሚቀመጠውን ኪምቺ፣ በበርበሬ የሚቦካውን ጎመን፣ ሠራን። ስልሳ ራስ ጎመን። ዱሺክ ከሚስቱ ጋር መጥቶ እስከ ክርኑ በርበሬ ተነክሮ ሠራ፣ ለገመ አልልም። ከታች ፎቅ ያለችው ወይዘሮ ጉ ልትቀምስ ወጥታ መስኮቱን ስታይ እሷም ለማዘዝ ቃል ገባችለት። "ዮንግሪም እንደዚያ ስትመረምር ከርማ የመረጠችው ከሆነ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምገዛው" አለች። ምን ልበል?

ጎመን ላመጣ ወደ በረንዳው ስሄድ ወንድማማቾቹ ቆመው ያወራሉ። ኢንሱ "የእማማን ክፍል ተወው አልኩህ፣ አሁን አታንሳው" ይለዋል። ቁም ሣጥኑን ሊያዞሩት አስበው ነበር፣ ስለሱ ይሆናል።

ወገቤ ተቆርጧል።

ህዳር 24፣ ረቡዕ

ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት። የሳሎኑ መስታወት ደረቅ፤ የመኝታ ቤታችንም ደረቅ። የእማማ ግን ከላይ እስከ ታች ውሃ፤ ጥጉ ላይ በረዶ ሠርቷል።

እዚያ ክፍል ገመድ ላይ የራሳቸው ካልሲና ፎጣ ተሰጥቷል። ጮህኩባቸው። "እርጥብ ልብስ እዚህ አያስጡ ብዬ የለም? አዲስ መስኮት እኮ ነው፣ አዲስ!" አልኩ። የሰማንያ አራት ዓመት ሴት ላይ። ሁለት ጃኬት ደርበው ተቀምጠው ነበር። ተነስተው አንድ በአንድ ካልሲዎቹን አወረዱ።

ያን ካልሲ አየሁት። ደርቋል። ከተሰጣ ሁለት ቀን ሆኖታል።

ህዳር 26፣ ዓርብ

ላይተር ገዛሁ። ሻጩ "እርስዎም ማጨስ ጀመሩ?" አለኝ።

ሳሎን፦ አራት እሳት፣ አንዷ ሐምራዊ። የኛ ክፍል፦ አንዷ ሐምራዊ። የእማማ ክፍል፦ አራት ቢጫ። ላይተሩን ደግሜ ለኮስኩ፣ ማዕዘኑን ቀየርኩ፣ መጋረጃውን ዘጋሁ። አራት ቢጫ። ሳሎን ባለው መስታወት ጥግ ላይ የፋብሪካው ማኅተም አለ። እዚህ የለም።

እማማ ፍራሻቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። "ምን ታያለሽ፣ የሶልቢ እናት?" በልጄ ስም ነው የሚጠሩኝ።

"ምንም፣ እማማ።"

"ሁሉም አንድ ዓይነት ነው" አሉ።

ተራ መስታወት መሆኑን ማንም አልነገራቸውም። ወይም ነግሯቸዋል። አላውቅም። 

ህዳር 27፣ ቅዳሜ

አቶ ማን ለምኜ አመጣኋቸው። ምንም ያልሸጡልኝ ሰውዬ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። በመዳፋቸው ፍሬሙን ዙሪያውን ነኩ፣ አንኳኩ፣ የዳር ሽፋኑን በቢላ ጫፍ ትንሽ ፈልቀቅ አደረጉ። በፍሬሙና በግድግዳው መካከል አረፋ መሞላት ነበረበት። የካርቶን ቁራጭ ነው ያለው። ነፋሱ ጣቴ ላይ ነፈሰ።

"ሳሎኑን የሠራው እጅ ጎበዝ ነው" አሉ። "ይሄንንም የሠራው ያው እጅ ነው። አቅቶት አይደለም።"

ሻይ አልጠጡም። ሲወጡ "ማን ገጠመው?" ብለው አልጠየቁኝም። ገብቷቸዋል።

ህዳር 28፣ እሑድ

ኢንሱ ከፈረቃው ሲመለስ ጃኬቱን ሳያወልቅ ወደ እማማ ክፍል ወስጄ ላይተሩን ለኮስኩ። እማማ ወደ አረጋውያን ማኅበሩ ወርደው ነበር።

አንዴ አየና ወደ ወለሉ አየ። በቃ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

"ዱሺክ አንድ ደንበኛ አዝዞ የተወው መስታወት ነበረው" አለ። "ልኩ ገጠመ። ለዱሺክ ያግዘዋል ብዬ..."

"እዚህ ክፍል ላይ?"

"እማማ ቅዝቃዜ አይሰማትም። ተራራ ላይ ነው ያደገችው። በዚያ ላይ ወለሉ ውስጥ ማሞቂያ አለ።"

"የኛ ክፍል ላይ ለምን አልተገጠመም?"

ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ።

"ኢንሱ፣ የኛ ክፍል ወደ ደቡብ ነው የሚያየው። ፀሐይ አለው። የግድ አንድ ክፍል በተራ መስታወት ይሠራ ከተባለ የኛ ነበር። ይሄንን አንተም ታውቃለህ፣ እሱም ያውቃል።"

"አንቺ ትመረምሪያለሽ ብሎ ፈራ" አለ።

ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፣ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት፤ ይኸው አራተኛው። እኔ የምመረምረው የኔን ክፍል ነው ብለው አሰቡ። ልክ ነበሩ። ከህዳር ሦስት እስከ ህዳር ሃያ አራት የእማማን መስኮት ቀርቤ አላየሁትም።

ፍራሻቸውን ወደኛ ክፍል ልወስድ ብዬ ነበር። "ክፍሌ ነው" ብለው እምቢ አሉ። ከዛሬ ጀምሮ ኢንሱ ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው። ለምን ብሎም አልጠየቀኝም።

ታህሳስ 2

ዱሺክ ስልክ አያነሳም። መልእክት፦ "እትዬ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ በፀደይ እናስተካክለዋለን።" ፀደይ። የአንድ እናት ልጆች።

ለወይዘሮ ጉ እንዳታዝዝ ነገርኳት። ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም። ኢንሱ ሰማና "የወንድሜን ጉሮሮ ዘጋሽ" አለኝ። "የእናትህ ጉሮሮስ?" አልኩት። እማማ ከትናንት ጀምሮ እያሳሉ ነው።

ታህሳስ 9፣ ሐሙስ

ክሊኒክ። ብሮንካይትስ፣ የሳንባ ቧንቧ ብግነት። መድኃኒት፣ ዕረፍት፣ ሙቅ ክፍል። ወጣቱ ሐኪም ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ "ክፍላቸው ይሞቃል?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አዎ፣ በቅርቡ መስኮት ቀይረናል" አልኩ።

ለምን እንዲህ አልኩ? ማንም አላስገደደኝም። እማማ አጠገቤ ተቀምጠው ጓንታቸውን ያስተካክላሉ። ሐኪሙ "በጣም ጥሩ" ብሎ ጻፈ።

አውቶቡስ ስንጠብቅ አላስቻለኝም። "እማማ፣ ለሐኪሙ ዋሸሁ" አልኩ።

"ሰምቻለሁ። ሳንባዬ ነው የታመመው፣ ጆሮዬ ደህና ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"አንቺ ለምን ዋሸሽ?"

"አፈርኩ።"

"እኔም" አሉ። ከዚያ አውቶቡሱ መጣ።

ታህሳስ 13፣ ሰኞ

ለዱሺክ እማማ ራሳቸው ደወሉለት። የእሳቸውን ስልክ አነሳ። "ናልኝ" ብቻ ነው ያሉት።

ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ካርቶን መንደሪን ይዞ መጣ። እኔን ሲያይ ጎንበስ አለ፣ ቀና አላለም። ኢንሱ ሳሎን ቆሞ ነበር። እማማ "አንተም ና" አሉት።

ሁለቱም ገቡ። በሩ ላይ ቀረሁ። ውጭው ከዜሮ በታች አሥራ አራት ነበር። እማማ የወለሉን ማሞቂያ ከጠዋት ጀምሮ አጥፍተውት ኖሯል።

"ጃኬታችሁን አውልቁ" አሉ።

"እማዬ፣ መኪናው መንገድ ላይ ነው የቆመው" አለ ዱሺክ።

"አውልቅ። ቤት ነው የገባኸው።"

አወለቁ። እሳቸው የሚቀመጡበት ቦታ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። አንዱ ስልሳ፣ አንዱ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። መንደሪን ልጠው ሰጧቸው። ራሳቸው ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ያን ብርድ ልብስ እኔ ነኝ ያለበስኳቸው።

አልተቆጡም። ያወሩት ስለ ጎረቤት ነው፣ ስለ አንድ የሞተች ዘመድ፣ ስለ ጎመን ዋጋ። ግማሽ ሰዓት። አንድ ሰዓት። የዱሺክ ከንፈር ሰማያዊ ሆነ። ኢንሱ እጁን ጭኑ ሥር ደበቀ። ሲናገሩ ትንፋሻቸው ይታያል። አንዴ ዱሺክ ሊነሳ ሲል "ገና ነው" አሉት፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

በመጨረሻ ዱሺክ "እማዬ፣ በረደኝ" አለ። ድምፁ ተሰባበረ።

"አዎ" አሉ እማማ። "ልጅ እያለህም በረደኝ ለማለት አንተ ነበርክ የምትቀድመው። እኔ ጡቴ ሥር አስገባህ ነበር።"

ዱሺክ አለቀሰ። ያልጠበቅኩት ነገር እኔ አለማዘኔ ነው። በሩ ላይ እንደቆምኩ ደስ አለኝ፤ ይህንን ለማንም አልናገርም።

"ከኑሪሳን ልዘዝልዎት እማማ፣ እኔ ራሴ" አልኩ። ብዙ ጊዜ ያሰብኩበት ነው።

"አይሆንም" አሉ። "ያበላሸው ይሥራው። አንቺ አጠገቡ ቁሚ።" ወደ ዱሺክ ዞሩ፦ "የጠየቀችህን ወረቀት አሁን ጻፍላት።"

እዚያው ተንበርክኮ ጻፈ። ጣቱ ደርቆ ስለነበር ፊደሉ የአንደኛ ክፍል ልጅ ነው የሚመስለው። የመስታወቱ ዓይነት፣ የፋብሪካው ስም፣ ውፍረቱ፣ ቀኑ፣ ፊርማው። ኢንሱ ሳይባል ከሥሩ ፈረመ።

ታህሳስ 23፣ ሐሙስ

ፈቃድ ወሰድኩ። አለቃዬ "ለምን?" ስትል "መስኮት" አልኳት። ቹንቢ አፏን ከፈተች፣ አየኋት፣ ዘጋችው።

ዱሺክ ብቻውን መጣ። ፍሬሙን ነቅሎ ካርቶኑን አንድ በአንድ ሲያወጣ አንድም ቀልድ አልተናገረም። አዲሱን መስታወት ከማስገባቱ በፊት ማኅተሙን በጣቱ አሳየኝ። ክብደቱን በአንድ ወገን ያዝኩለት። አረፋውን ሲሞላ "እዚህ ጋ አልደረሰም" አልኩት፤ ደገመው። እንደገና አልኩት፤ እንደገና ደገመው። አቶ ማ እውነት ተናግረዋል፣ እጁ ጎበዝ ነው። ይሄ ነው የበለጠ የሚያናድደው።

ሲጨርስ "እትዬ፣ ይቅርታ" አለ።

"ሥራህ ጥሩ ነው" አልኩት። የጠየቀኝ ይህንን እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ጥር 8፣ ዓርብ

ከዜሮ በታች አሥራ ሰባት። ሁሉም መስታወት ደረቅ። የእማማ ሳል ከቆመ አምስት ቀን ሆነው። ዛሬ ጃኬት ሳይደርቡ ተቀምጠው ባቄላ ሲለቅሙ አገኘኋቸው።

ወይዘሮ ጉ ሊፍት ውስጥ ያዘችኝ። "ታዲያ የቱን ልግዛ? ኑሪሳን ነው ሃኑልጋ?" አለችኝ። ዘጠነኛ ፎቅ ደርሰን፣ ተመልሰን ወርደን፣ እንደገና ወጣን፤ ደብተሬን ሙሉ ነገርኳት። የዱሺክንም ነገርኳት፣ የበደለውንም ያስተካከለውንም። ልትገዛው ከፈለገች ወረቀት አስጽፋ ትግዛ፤ ስታስገጥም ደግሞ አጠገቡ ትቁም።

ኢንሱ ይህን ሰምቷል መሰለኝ፣ ራት ላይ የዓሣውን አጥንት እያወጣ መጀመሪያ በእናቱ ሳህን፣ ከዚያ በኔ ሳህን አደረገ። ሠላሳ ሦስት ዓመት አብረን ስንበላ ለኔ አጥንት አውጥቶ አያውቅም።

"አሁንም አልበረደልሽም?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"አልበረደልኝም" አልኩት።

እማማ ሳቃቸውን በሩዝ ጎርሰው ዋጡት። እኔ ዓሣውን በላሁት። ሶፋው ላይ ያለውን ብርድ ልብስ ግን አላነሳሁለትም።